ለንደን ላይ ሠላሳ አንደኛ የወጣው ሸክላ

ባለፈው ወር ጎማዬ ተንፍሶ ጋርዴና የሚባለው ሰፈር አንድ ጎሚስታ ጋ ቆሜ ነበር። ጎማውን የሚፈታው ሜክሲኳዊ ስልኩን የመፍቻ ሣጥኑ ላይ አስቀምጦ ዘፈን ከፍቷል። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም፤ እዚህ አገር ያለ ዘፈን የሚሠራ ሠራተኛ የለም። በኋላ ግን ከበሮው መጣ። እግሩን ያመመው ሰው በችኮላ ደረጃ ሲወርድ እንደሚያሰማው ያለ፣ አንዱን ረግጦ ሁለተኛውን የሚዘል ከበሮ ነው። ቀጥሎ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ዘፈነች። አወቅኳት። ይሄን ከየት አገኘኸው ብዬ ሰውዬውን ብጠይቀው፣ ስልኩ ራሱ እየመረጠ እንደሚያጫውትለት፣ ማን እንደዘፈነው እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔ አውቃታለሁ፣ ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት አልኩት። ዕድሜዬን አየና ሳቀ። አልፈረድኩበትም። አርባ ዶላር ከፍዬ ወጣሁ፤ ያኔ በአሥራ አምስት ዶላር ነበር የሚለጥፉት።

ያኔ የምለው ጥቁሩ ፕሬዚዳንት የነበረ ጊዜ ነው፤ መጀመሪያው ላይ ይሁን መጨረሻው ላይ አላስታውስም። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ የመኪና ማቆሚያ እጠብቅ ነበር። ቦታዋ የተሠራችው ለሃያ መኪና ነው፤ እኔ ሃያ ሰባት አስገባባት ነበር። ለአንድ ምሳ አራት ዶላር እንቀበላለን። ዛሬ እዚያው ማሽን ቆሞ አሥራ አምስት ይቀበላል፣ ሰላምታም አይመልስ። ጥብስ በአሥራ ሁለት ዶላር ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። ወደ ኦሎምፒክ መንገድ በኩል ማዕዘኑ ላይ የነበረው ሱቅ በርበሬ፣ ነጠላ፣ ሲዲና የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ባንድ መደርደሪያ ይሸጣል። የስልክ ካርዱ ገበያ ሊሞት ጥቂት ነበር የቀረው፣ ግን ባለሱቁ ገና በካርቶን ያስመጣ ነበር። ወንዶቹ በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ይለብሳሉ። ሴቶቹ ሱሪያቸው ከመጥበቡ የተነሣ ከመኪና ለመውረድ መጀመሪያ በሩን፣ ከዚያ ወንበሩን፣ ከዚያ እኔን ይይዛሉ። እኔ ቢጫ ሰደርያ አለኝ፤ ጀርባው ላይ የሆነ ነገር ተጽፎበታል። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር።

ማንበብ አልችልም ነበር። ቁጥር አውቃለሁ፣ ትኬቱን በቀለም እለያለሁ፣ ፊደል ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድም አላውቅም። ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ መነጽሬን ረስቼ መጣሁ እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። አገር ቤት የአውቶቡስ ረዳት ነበርኩ፤ የስንቱን ከተማ ስም በቀን መቶ ጊዜ እየጠራሁ አንዱንም ተጽፎ ባየው አላውቀውም። ልጄ ፋይል አስገብታ ስታመጣኝ ግሪን ካርዱ ይበቃኛል ብዬ ነበር። በኋላ ሲቲዝን ካልሆንክ ስታረጅ ትቸገራለህ አሉኝ። ፈተናው ላይ ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ማንበብ ግድ ነው። አንድ ደንበኛ ሃውቶርን ሰፈር ያሉት ጴንጤዎች በነጻ ያስተምራሉ ሲለኝ ሄድኩ። ጴንጤ አልነበርኩም፣ ብዙም አልሆንኩም። የሄድኩት ለፊደል ነው።

አዳራሹ ከአንድ የቤት ዕቃ መጋዘን ጀርባ ነው። ጠዋት ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ያመልኩበታል፣ ከሰዓት ተራው የእኛ ነው፤ ወንበሩ የእነሱ ሙቀት ሳይለቀው እንቀመጥበታለን። ከአምልኮ በኋላ በጓዳዋ ክፍል አራት ሴቶችና እኔ እንማራለን። አስተማሪያችን ሊያ ትባላለች። ሠላሳን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥፍንግ አድርጋ የምታስር ልጅ ናት። ቶራንስ ሰፈር አንዲት ነጭ አሮጊት ትጦራለች፤ ኬርጊቨር የሚሉት ሥራ ነው። በአሥር ዓመቷ ለንደን ስለሄደች አማርኛዋ የእናቷ አማርኛ ነው። እዚህ ያሉት ወጣቶች ሃምሳ ዓመት ያለፈኝን ሰው አንተ ሲሉኝ እሷ አንቱታን አልተወችም። መጀመሪያ ቀን ስለ እንግሊዝኛው ስነዘንዛት አማርኛውን አመጣችልኝ። "መጀመሪያ የራስዎን ይያዙ ጋሼ ደምሴ፣ ከዚያ የሰው ይቀላል" አለችኝ። በዓመት ከመንፈቅ ሁለቱንም ያዝኩ። ሰደርያዬ ላይ የተጻፈው የሌላ ድርጅት ስም ሆኖ ተገኘ። አለቃዬ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነበር የገዛው።

አንድ ቅዳሜ ሊያ ከተከራየችበት ወጥታ አሮጊቷ ቤት ልትገባ ሆነ፤ አሮጊቷ ብቻዋን ማደር አቅቷታል። ፒክአፕ ተውሼ ዕቃዋን አጓጓዝኩላት። ከካርቶኖቹ አንዱ ሥሩ ተቀዶ ሸክላ ወደቀ፤ ድሮ በአገራችን ቡና ቤቶች የሚዞረው ዓይነት፣ ግን ሰፋ ያለ ነው። ሽፋኑ ላይ ሦስት ወጣቶች ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ወንዶች ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ መሃል ያለችው ልጅ ትልቅ ክብ የጆሮ ጌጥ አድርጋለች። ከሥሩ ያለውን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ "ሊያ" አለኝ። ከመማሪያ መጽሐፉ ውጪ በእንግሊዝኛ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ቀና ብዬ አየኋት። "እኔ ነኝ" አለች፣ እንደ ማፈር ብላ።

ነገሩን ካርቶን ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። የሽፋኑ ሁለተኛ ልጅ ወንድሟ ናሆም ነው፣ ሦስተኛው የጎረቤት የጃማይካ ልጅ። ሙዚቃው ጋራዥ ይባላል። መኪና የሚጠገንበት ነው ወይ ስላት ሳቀች፤ ስሙ እሱ ነው፣ ሁለት ሦስት ዓመት የለንደንን ወጣት በሙሉ ያስጨፈረ ሙዚቃ ነው አለች። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚኖሩት፣ ሊፍቱ ዓመቱን ሙሉ ብልሽት ነው። ስለዚህ ቡድናቸውን ናይንዝ ላንዲንግ አሉት፣ የዘጠነኛው ፎቅ ደረጃ እንደማለት ነው። ናሆም ኮምፒውተር ላይ ከበሮውን ይሠራል፣ ጃማይካዊው በከበሮው ላይ በፍጥነት ያወራል፣ እሷ ትዘፍናለች። ከጓደኛ መኪና ኋላ እየሸጡ ጀመሩት፤ ከዚያ አንድ ኩባንያ ወሰደው።

እዚያ አገር እሑድ ማታ ሬዲዮው የሳምንቱን አርባ ዘፈን ከታች ወደ ላይ ይጠራል። ቤተሰቡ በሙሉ፣ እናትየዋ ከሥራ የለበሰችውን የጽዳት ካባ እንኳ ሳታወልቅ፣ ሬዲዮኑን ከብቦ ተቀመጠ። ሠላሳ ስምንተኛ ተባሉ። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ፤ ለደስታ ይሁን ለጩኸቱ ቁጣ አልታወቀም። በሳምንቱ ሠላሳ አንደኛ ሆኑ። ቴሌቪዥን ጠራቸው፣ እናትየዋ ለናሆም ነጭ ጫማ ገዛችለት። ሦስተኛው እሑድ እንደገና ተቀመጡ። አርባ ተጠራ፣ የሉም። ሠላሳ አምስት፣ የሉም። ሠላሳ ተጠራ፣ የሉም። "ወደ ላይ ወጥተን ነዋ" አለ ናሆም። ሃያም አሥርም ተጠራ። እናትየዋ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትጸልያለች። አምስት፣ አራት፣ ሦስት። አንደኛው ዘፈን እስኪያልቅ ድረስ ማንም ሰው ካጠገቡ ካለው ጋር አልተያየም ነበር አለችኝ። ለካስ ከአርባ በታች ወርደው ኖሯል፤ ሬዲዮው ደግሞ የወረደውን አይጠራም። ቴሌቪዥኑም ሳይጠራቸው ቀረ። ሁለተኛ ሸክላ አወጡ፣ ሰው አልገዛውም፣ ኩባንያው ስልክ ማንሣት አቆመ። ከዚያ በኋላ ናሆም አውቶቡስ ነዳ። በሠላሳ ዓመቱ አስም ገደለው። እሷ እናቷን አገር ቤት ሸኝታ ወደዚህ መጣች።

አሮጊቷ ሳሎን ውስጥ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ነበራት። ሊያ አስፈቅዳ አጫወተችልኝ። የፊተኛው ገጽ ያ ሠላሳ አንደኛ የወጣው ነው። እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም፤ ራስ ያዞራል። ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ዘፈን የለም። ያው ከበሮ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ናሆም በአማርኛ ያወራል። እናቱ የሳምንት አስቤዛ ተሸክማ ከደረጃው ሥር ቆማለች፣ እሱ ከላይ ይጠራታል፤ "እማዬ አትውጪ፣ እኔ እወርዳለሁ።" ከዚያ ከዘጠነኛው ፎቅ ጀምሮ በእያንዳንዱ ፎቅ ማን እንደሚኖር፣ ምን ምን እንደሚሸት እየነገራት ይወርዳል። አንደኛ ፎቅ ሲደርስ ያልቃል። ለእናቱ ብሎ ነው የሠራው፤ ኩባንያው ምን እንደሚል እንኳ አላወቀም። ይሄኛው ገጽ ሌላ የትም የለም አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ሰው የጫነው የፊተኛውን ብቻ ነው፤ አንድ የዘመድ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ናሆም ይታያል፣ አይናገርም። ድምፁ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተመሠረተችበትን ቀን ለማክበር ትልቅ ጉባኤ ተዘጋጀ። ሊያ የመዘምራኑ መሪ እንድትሆን ተመርጣለች። ስታለማምድ ሰምቻታለሁ፤ ያቺ የሸክላዋ ልጅ ናት፣ ያው ድምፅ፣ አፏን ስትከፍት ትከሻዋ ይወርዳል። መዘመሩን እንደ እስትንፋሷ ትፈልገው እንደነበር ለማወቅ ጴንጤ መሆን አያሻም። ከጉባኤው ሳምንት ቀደም ብሎ እኛ ተማሪዎቹ መድረክ ላይ ወጥተን እንድናነብ ተደረገ። ከመዝሙረ ዳዊት አምስት መስመር አነበብኩ። ሰው ሃሌሉያ አለ፣ ሴቶች አለቀሱ። ማይክራፎኑን መልሼ መውረድ ነበረብኝ። በሕይወቴ ሰው ሲያጨበጭብልኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ አልወረድኩም። እንግሊዝኛም አነባለሁ አልኩ። የአስተማሪዬን ስም ለንደን ከታተመ ሸክላ ላይ አንብቤያለሁ፣ ዘፈኗ እንግሊዝ አገር ሠላሳ አንደኛ የወጣ ትልቅ ዘፋኝ ናት፣ እናንተ የያዛችሁትን አታውቁም አልኩ። ላከብራት ነበር። አዳራሹ ፀጥ ሲል በአድናቆት መስሎኝ ነበር።

እዚያ ቤት መዘምራን ውስጥ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ቆሞ ይመሰክራል። ዓለማዊ ዘፈን ከነበረበት ካሴቱን፣ ሲዲውን፣ ያለውን ሁሉ አምጥቶ ሕዝብ ፊት ይሰብራል። ከአገር ቤት ያመጡት ልማድ ነው። ሊያ አልተናገረችም ነበር፤ የሚጠይቃትም አልነበረም፣ የለንደን ልጅ ናት ብለው አልፈዋታል። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ጠሯት። ለጉባኤው ቀን ሸክላውን አምጥታ ትስበር፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ይምራ ተባለ። የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጧት።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጌታቸው የሚባል፣ ትልቁን ትራክ የሚነዳ፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ የሆነ ሰው ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ፌርፋክስ ምሳውን ይበላል፤ መኪናውን የማቆመው እኔ ነኝ። ቁልፉን ይዤ አላቀብለውም አልኩ።

"ወንድሟ እኮ ነው ያለበት" አልኩት። "የሞተው ወንድሟ።"

"አውቃለሁ፣ ነግራናለች።"

"ታዲያ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?"

አልተቆጣም። የመኪናው አፍንጫ ላይ ደገፍ አለ። "ደምሴ፣ እኔ የሰበርኩት ክራሬን ነው። አባቴ የሠራልኝን፣ በእጁ። ከእሱ ሌላ የተወልኝ ነገር አልነበረም። ማንም አላዘነልኝም፤ እንዲያዝንልኝም አልፈለግኩም። የሷ ከኔ በምን ይለያል?"

ዛሬ ሳስበው መልሱ ቀላል ነበር፤ ያንተም መሰበር አልነበረበትም ማለት ነበር። ያኔ አልመጣልኝም። ቁልፉን ሰጠሁት።

ቶራንስ ሄድኩ። ሊያ አሮጊቷን ገንፎ እያበላች አገኘኋት። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት "ጋሼ፣ እሱን ይተዉት" አለች። ከዚያ ብልሃት ያልኩትን ነገርኳት፤ ያው ማጫወቻው አለ፣ ስልክሽ አለ፣ ዛሬውኑ ድምፁን ቅጂና አስቀሪው፣ ከዚያ ሸክላውን ስበሪላቸው። ማንኪያውን አስቀመጠች።

"አስቤዋለሁ፤ ስልኬን አጠገቡ ሁሉ አስቀምጬው ነበር። ግን ቀድቼ ይዤ ተውኩት ብዬ ልመስክር? እና ያኔ የምዘምረው ለማን ነው?"

"ታዲያ አትስበሪዋ። ሌላ ቸርች ሞልቷል።"

"ሌላውም ይጠይቀኛል። ባይጠይቀኝም እኔ አውቀዋለሁ።" የአሮጊቷን አፍ ጠረገችላት። "ናሆም ከሞተ ጀምሮ አልዘፈንኩም። ስድስት ዓመት። እዚህ ነው አፌ የተከፈተው።"

እኔ የማምንበት ነገር ስለሌለኝ እንዲህ ዓይነት ሰው ፊት አፍ የለኝም። እንደማትሰብረው ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ይዛው ትመጣለች፣ መድረኩ ላይ ስትደርስ ልቧ እንቢ ይላታል ብዬ ነበር።

የጉባኤው እሑድ አዳራሹ ጢም አለ፤ ከቬጋስም ከሳንዲያጎም የመጣ ሰው ነበር። ሊያ ነጭ የመዘምራን ካባ ለብሳ ሸክላውን በደረቷ አቅፋ ወጣች። ምስክርነቷ አጭር ነበር። ወንድም እንደነበራት፣ አብረው እንደዘፈኑ፣ እንደሞተ፣ ጌታ እዚህ እንዳገኛት ተናገረች። ከሽፋኑ አወጣችው፣ ሁለቱን ጠርዝ ያዘችና ጎበጥ አደረገችው።

አልተሰበረም። እንደ ላስቲክ ታጠፈና ስትለቀው መልሶ ተዘረጋ። ድጋሚ ሞከረች። ካሴት ሲረግጡ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ ይሄ እንዴት እንደሚሰበር የሚያውቅ የለም። ከኋላ አንድ ሰው ሳል ያዘው፣ አንድ ሕፃን ሳቀ። ጌታቸው ሊያግዛት ከወንበሩ ተነሣ። በእጇ ከለከለችውና ወደ ሕዝቡ ማየት ጀመረች። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ ነበርኩ።

"ጋሼ ደምሴ፣ ያግዙኛል?"

ለምን እኔን እንደጠራች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ሊሆን የሚችለው ሁለት ነው፤ ወይ ልትቀጣኝ፣ ወይ እዚያ ቤት ውስጥ ድምፁን የሰማው ሌላ ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ። ወጣሁ። ባንድ በኩል እሷ ያዘች፣ በሌላው እኔ። በጉልበቴ መሃሉን ደግፌ ሳብኩት። የተሰበረው በእኔ በኩል ነው። ትልቁ ቁራጭ እሷ እጅ ቀረ፣ ትንሹ እኔ እጅ። ጌታቸው ሁለቱንም ተቀብሎ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተተና ጎንበስ ብሎ ፍንጣሪውን ከምንጣፉ ላይ አንድ በአንድ ለቀመ። ከዚያ ዘመረች። እንዴት እንደዘመረች አልጽፍም፤ ችሎታው የለኝም። ብዙ ሰው ተንበረከከ። እኔ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ቤቷ ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ የሚሸኟት ሰዎች ነበሩ፣ ግን መጥታ በሩን ከፈተችና ገባች። መንገድ ላይ፣ መጻፍ አስተምረሽኛል፣ ናሆም ያለውን ከዘጠነኛው ፎቅ ጀምሮ ንገሪኝና በወረቀት ላስቀምጠው አልኳት። ቶራንስ ደርሰን ልትወርድ ስትል፣ "ቃሉን አልረሳውም ጋሼ" አለች። "የምረሳው ድምፁን ነው።"

ሲቲዝንሺፑን አገኘሁ። ዐረፍተ ነገሩን ሳልደናቀፍ አነበብኩት፣ ፈታኟ ቀና ብላም አላየችኝ። ወደ ሃውቶርን መሄድ ተውኩ። ጌታቸውን ፌርፋክስ ሳገኘው ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ሊያ እስከ አሁን መዘምራኑን ትመራለች። ሰው መዝሙሯን በስልኩ ይዞ ሲዞር አያለሁ። የታክሲ ሹፌሩም፣ ባለሱቋም ይሰሟታል። ሠላሳ አንደኛ የሚላት የለም። ለበዓል ለበዓል ትደውልልኛለች፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጆሮዬ ትጠይቃለች። የግራው ከጠፋ ቆይቷል፣ የቀኙም እያስቸገረኝ ነው።

ዓምና ለፋሲካ እንደ ልማዷ ደወለች። እንኳን አደረሰዎ አለች፣ ልጄን ጠየቀች፣ ስለ አየሩ ተጨዋወትን። ልንሰነባበት ስንል አንድ ነገር ልጠይቅዎ አለች።

"ጋሼ" አለች፣ "የናሆም ድምፅ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን?"

አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ አሮጊቷ ሳሎን ውስጥ ነው የሰማሁት። ከበሮውን አስታውሳለሁ። "እማዬ አትውጪ" ያለውን አስታውሳለሁ። ስልኩን ቀኙ ጆሮዬ ላይ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና፣ ወፍራም ነበር፣ እንደ አባት ድምፅ ያለ ወፍራም አልኳት።

አመሰገነችኝ። እንደዚያ ይመስለኝ ነበር አለች።

እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።